ካሜራም «ከማን አንሼ» አለው

የጃፓኑ ካኖን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2024 «አር ዋን» የተባለ ካሜራ ይፋ አደረገ። ካሜራው ኳስ ያውቃል። ቀልድ አይደለም። እግር ኳስን፣ ቅርጫት ኳስንና መረብ ኳስን ለይቶ ያውቃል፤ ሜዳ ላይ ከሚተራመሱት ተጫዋቾች መካከል ኳሱን የሚመታው የትኛው እንደሆነ ራሱ ፈልጎ እሱ ላይ ያነጣጥራል። በሰከንድ 40 ፎቶ ያነሳል። ይባስ ብሎ ጣታችሁን ከመጫናችሁ በፊት ያለፈውን ግማሽ ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስቀምጥላችኋል። አጥቂው ሊመታ መሆኑን ሳይመታ በፊት ማወቅ እኮ አንዳንድ የፕሪሚየር ሊጋችን ተከላካዮች እንኳ ገና ያልታደሉት ጸጋ ነው!

ሲወጣ ዋጋው 6,299 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ሌንስ የለውም። ሌንሱን ለብቻው ነው የምትገዙት።

ይህን ወሬ የሰማ የስፖርት ፎቶ አንሺ እንቅልፍ አይወስደውም። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚህ እንቅልፍ ማጣት ነው። «የካሜራ ዋጋ እኛን ኳስ ተመልካቾችን ምን አገባን?» የምትሉ አንባቢዎች ትንሽ ታገሱኝ። የምትወዱት ክለብ ዋንጫ ያነሳበት፣ የምትወዱት ተጫዋች ያለቀሰበት ፎቶ ያለ ፎቶ አንሺ አልመጣም። ወደፊትም አይመጣም።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ዳፍ ትራክን፣ ጥላ ፎቅን ያውቃል። «ከማን አንሼ»ንም ያውቃል። ለአንድ የመቀመጫ ክፍል ከዚህ የተሻለ ስም የወጣ አይመስለኝም። ፎቶ አንሺዎች የሚቀመጡት ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይደለም፤ ከጎሉ ጀርባ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ነው። ልባቸውን ከፍታችሁ ብታዩት ግን ሁሉም የተቀመጡት «ከማን አንሼ» ውስጥ ነው። በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው ቆማችሁ ጆሮ ስጡ። ስለ ጨዋታው የሚያወራ የለም።

«ይሄ ስንተኛው ነው?»

«ማርክ ቱ ነው።»

«ውይ! ማርክ ስሪው እኮ ወጥቷል።»

በቃ። የማርክ ቱው ባለቤት ሁለተኛውን አጋማሽ በሐዘን ነው የሚያነሳው። ትናንት ያኮራው ዕቃ ዛሬ ያሳፍረዋል። ካሜራው ግን ትናንት ከነበረው የተለየ ነገር አልሆነም።

ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር የበሽታ ስም አውጥተውለታል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ዕቃ የመሰብሰብ ሕመም» እንደማለት ነው። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ለጊታር ተጫዋቾች ነበር። አሥር ጊታር ቤቱ ደርድሮ አሥራ አንደኛውን ለሚያልም ሰው። ከዚያ ወደ ካሜራው ሰፈር ተዛመተና እዚያ ቤቱን ሠራ። ቤት መሥራቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በካሜራው ዓለም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በሽታውን ያጠጡታል።

እስቲ ሩጫውን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒኮን «ዲ ዋን»ን ሲያወጣ ካሜራው 2.7 ሚሊዮን ፒክስል ነበረው፤ በሰከንድ 4.5 ፎቶ ያነሳ ነበር። ዋጋው ከ5 ሺህ ዶላር በላይ። የዓለም ጋዜጦች ፊልም ማጠብ ያቆሙት በእሱና በዘመዶቹ ነው። በ2001 ካኖን «ዋን ዲ»ን አመጣና ቁጥሩን 8 አደረሰው። በ2007 የኒኮን «ዲ ስሪ» መጣ፤ ይሄኛው ጨለማን የደፈረ ነው፣ በመብራት የሚካሄድ ጨዋታን በንጹሕ ፎቶ ማንሳት የተለመደው ከእሱ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። በ2017 ሶኒ «ኤ ናይን»ን ይዞ ገባ። 20 በሰከንድ፣ ያውም ቅጭ የሚል ድምፅ እንኳ ሳያሰማ። በ2020 አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው ታላቁ የዜና ወኪል ለፎቶ አንሺዎቹ የሚሰጠውን ዕቃ በሙሉ ወደ ሶኒ ማዞሩን ሲያስታውቅ የካኖንና የኒኮን ሰፈር ተናወጠ። በ2023 ደግሞ ያው ሶኒ 120 በሰከንድ የሚያነሳውን «ኤ ናይን ስሪ» አመጣ። ከ4.5 እስከ 120፣ ሃያ አራት ዓመት። የፎቶ አንሺው ጣት ግን ያው አንድ ጣት ነው።

አሁን ፍርድ እንዳላጎድል። «ዕቃ ምንም አያደርግም፣ ዋናው ችሎታ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበላቸውም። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ እግሯ ላይ የነበረው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝንና በ500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ከገባች በኋላ ጫማውን አውልቃ ስታነሳው ያላየ የለም። ዕቃ ይረዳል። ያን ጫማ እኔ ባደርገው ግን ከመገናኛ ሜክሲኮ ሳልደርስ ታክሲ ነው የምይዘው።

በኳስም እንደዚያው ነው። አንድ ጠንካራ ምት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው እስኪሻገር ኳሱ ወደ 2.8 ሜትር ይሄድበታል። ኳሱ ከእግሩ ጋር የተነካካበትን ቅጽበት ማግኘት ዕድል ነው። በ120ው ግን በሁለት ፎቶዎች መካከል ኳሱ የሚሄደው 23 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ላይ መገኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ልዩነት አለ። ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው።

በጋዜጣ ላይ የምታዩት ሁለት ዓምድ የያዘ ፎቶ ስፋቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለእሱ የ1999ኙ «ዲ ዋን» ራሱ ይበቃዋል፤ ይተርፈዋልም። ስልካችሁ ላይ በቴሌግራም የሚደርሳችሁ ፎቶ ደግሞ መንገድ ላይ ተቀንሶ፣ ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ። 45 ሚሊዮን ፒክስል የነበረው ፎቶ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ሲሶው እንኳ የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?

በቴሌቪዥን የዓለም ዋንጫ ስታዩ ከጎሉ ጀርባ የተደረደሩትን ትላልቅ ነጭ ሌንሶች ሳታስተውሉ አትቀሩም። ነጭ የሆኑት ለውበት አይደለም፤ ፀሐይ እንዳያሞቃቸው ነው። 400 ሚሊ ሜትር የሚባለው የካኖን ሌንስ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል፤ ሲወጣ ዋጋው 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። እኛ አገር ያለ ፎቶ አንሺ ያንን አይቶ «እነሱ ሁሉ ገዝተው ነው፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?» ይላል። እነሱ አልገዙም! አብዛኞቹ ወኪሉ ወይም ጋዜጣው የሰጣቸው ናቸው። በዚያ ላይ ካኖንም ኒኮንም በትልልቅ ውድድሮች ላይ ለተመዘገቡ ፎቶ አንሺዎች ሌንስ ያውሳሉ፣ ካሜራ ያጸዳሉ፣ የተበላሸ ይጠግናሉ። የእኛው ሰው ግን ከኪሱ ነው። ሲሰበርም ከኪሱ ነው።

ኪሱ ደግሞ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። 6 ሺህ ዶላር ማለት 342 ሺህ ብር። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ያው ካሜራ 600 ሺህ ብር ገባ። ከዚያ ወዲህም አልወረደም። ቀረጡን፣ የአስመጪውን ትርፍ፣ ሌንሱን እናንተ ጨምሩበት። የዚያ ዕቃ ባለቤት ለመሆን አንድ ሰው ስንት ሰርግ ማንሳት አለበት?

ሰርግ ካልኩ አይቀር ወደ ሺሺንዳ ልውሰዳችሁ።

ሺሺንዳ የካፋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጋችሁ ቦንጋ ለመድረስ ከ450 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ትሄዳላችሁ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚወስደውን ይዛችሁ፣ የውሽውሽን የሻይ ተክል አረንጓዴ ምንጣፍ አልፋችሁ፣ ትንሽ ስትቀጥሉ ናት። ቦንጋን እንኳ ዛሬ ሁሉም ያውቃታል፤ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ ዋና መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች፣ የቡና ሙዚየሙም እዚያው ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ሺሺንዳ ግን ስሟ በስፖርት ገጽ ላይ የሚወጣ አይነት ከተማ አይደለችም። የቴሌቪዥን ካሜራ ለካፋ የቀረበው ሱፐር ስፖርት ሊጉን ማስተላለፍ በጀመረበት በ2013 ነበር። ያኔ ጨዋታዎቹ በየተራ በተለያዩ ከተሞች ሲካሄዱ ጅማም ተራ ደርሷት ነበር። ከጅማ ወዲያ ያለው ልጅ ኳስን የሚያየው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ነው፣ ወይ ደግሞ ራሱ ተጫውቶ።

እኔ የሄድኩት የቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ የሰፈር ቡድኖች ዋንጫ በሚጫወቱበት ሰሞን ነው። ቡና ሲሸጥ እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፤ ገንዘብ ሲገባ ሰርግ አለ፣ ማልያ ይገዛል፣ ኳስ አለ፣ ፎቶም አለ። ሜዳው ወደ አንዱ ጎል ዘንበል ያለ ነው፤ ሳንቲም ሲጣል ያሸነፈው ቡድን ለሁለተኛው አጋማሽ ቁልቁለቱን ይመርጣል። ከማዕዘን ምት ባንዲራው አጠገብ ላም ታስራ ትግጣለች። ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኖ ሰማዩ ዳምኗል። ካፋ መዳመን አያንሰውም።

የከተማው ፎቶ አንሺ ሰላሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ካኖን 600 ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በሰከንድ አራት ፎቶ እንኳ የማይሞላ። የእጀታው ላስቲክ ተልጦ በማጣበቂያ ተመልሷል።

«ካሜራህ እኮ ደህና ነው» አልኩት።

«ተወኝ እባክህ ወንድሜ» አለኝ እየሳቀ። «ከአዲስ አበባ መጥተህ ልታጽናናኝ ነው? ይሄ እኮ አርጅቷል። ቦንጋ ያሉት ልጆች ሁሉ ቀይረዋል።»

«ምን ልትገዛ አሰብክ?»

«አዲሱን። መስታወት አልባውን። ዓይን የሚከተለውን።»

መስታወት አልባ የሚለው አሁን ገበያውን የያዘውን አዲሱን ትውልድ ነው፤ ውስጡ ቅጭ የሚለው መስታወት የሌለውን። ዓይን መከተል ደግሞ እውነት ነው፤ የሰውየውን ዓይን ካገኘ አይለቅም። እኔ መጀመሪያ ላይ ያው የተለመደው በሽታ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን ሌላ ነገር ነገረኝ።

«ሰርግ ልዋዋል ስሄድ ሚዜው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን መሰለህ? አልበምህን አሳየን አይለኝም። ካሜራህ ስንት ነው ነው የሚለኝ። ፎር ኬ ይቀርጻል ወይ? ነው። አይ ካልኩት ሌላ ይጠራል። አሁን እኮ ሁሉም ሰው እጁ ላይ ጥሩ ስልክ አለ። የእኔ ዕቃ ከስልኩ ካልበለጠ ለምን ይከፍለኛል?»

ይሄ ከንቱ ፉክክር አይደለም፤ ዳቦ ነው። የአዲስ አበባው ሰው ማርክ ስሪ የሚገዛው ባልደረባው ስለገዛ ነው፤ የሺሺንዳው ግን ደንበኛው ስለሚያስገድደው ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ይከብደኛል። ደንበኛውም ቢሆን የተማረው ከእኛ ነው። «በዘመናዊ ካሜራ እንቀርጻለን» የሚል ማስታወቂያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ነው ካፋ የደረሰው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እቁብ አለው። ዕጣው ገና ካልወጣላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ያንን ገንዘብ ለቤቱ ጣሪያ አስባዋለች፤ ቆርቆሮው ዝጎ ዝናብ ያስገባል። ካፋ ላይ ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ ቀልድ አይደለም።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«ካሜራው ውስጥ እንተኛ ወይ? አለችኝ።»

ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳየኝ አልኩት። በትንሿ ስክሪን እያሳለፈ አሳየኝ። ከሩቅ ያነሳቸው ደብዛዛ ናቸው፤ ኳሱ ረዝሞ እንቁላል መስሏል። ጥፋቱ የካሜራው እንደሆነ ነው የሚያምነው። ግን የያዘው 75–300 የሚባለው ርካሹ ሌንስ ነው፤ ጫፉ ድረስ ሲሳብ ቀዳዳው ይጠባል። 2.8 የሚባለው ሌንስ ከ5.6ቱ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በዚያ ደመና ውስጥ ይሄ ማለት በ200ኛ ሰከንድና በ800ኛ ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ ማለትም በእንቁላልና በኳስ መካከል ያለው። ባለ ስድስት መቶ ሺውን ካሜራ አምጥታችሁ ያንን ሌንስ ብትገጥሙበት ደመናው ያው ደመና ነው።

በዚያ ላይ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። ሻጋታ ነው። እርጥብ አገር ላይ ሌንስ በቦርሳ ተዘግቶ ከከረመ ሻጋታ ያበቅላል፤ መስታወቱን ይበላል፣ ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል። መከላከያው አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት፣ «አትብሉ» ተብሎ የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት ናት፤ ከሌንሱ ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በየጊዜውም ማውጣትና ማናፈስ። አዲሱ ካሜራም ሲመጣ የሚከርመው እዚያው ቦርሳ ውስጥ፣ እዚያው ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ ሥር ነው። ይሄን ስነግረው ዝም አለ። ባለቤቱ ሳታውቀው ጥሩ ጠበቃ አግኝታለች።

ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ አስቆምኩት። ዝናብ ሲወርድ ጨዋታው ተቋርጦ፣ የሁለቱም ቡድን ልጆች አንድ ሰፊ ላስቲክ ሥር ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ቀይ ማልያና ሰማያዊ ማልያ ተቀላቅሏል፣ አንዱ ኳሱን ሆዱ ውስጥ ሸጉጦታል፣ በረኛው ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። በቅርብ፣ ከካሜራው ጋር በምትመጣው ተራ ሌንስ የተነሳ ነው። ዘንድሮ ካየኋቸው የአገራችን የኳስ ፎቶዎች ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም፤ ማጋነን አይደለም።

«ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም» አለኝ። «ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት።»

ታላላቆቹም እንዲህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 መሐመድ አሊ ሶኒ ሊስተንን ዘርሮ ላዩ ላይ ቆሞ ሲጮህ ያለውን ፎቶ የማያውቅ የለም። ያነሳው ኒል ላይፈር 22 ዓመቱ ነበር። ከሪንጉ በላይ የተሰቀሉት ፍላሾች አንዴ ከበሩ እንደገና እስኪሞሉ ጊዜ ይወስዱ ስለነበር ያቺን ቅጽበት ያገኛት በአንድ ፎቶ ነው። አርባ በሰከንድ አልነበረውም። ፎቶው ላይ በአሊ እግሮች መካከል አንድ ሌላ ፎቶ አንሺ ይታያል፤ ኸርብ ሻርፍማን ይባላል፣ የተከበረ ባለሙያ ነበር። ካሜራ ይዟል፣ ልምድ አለው፣ ያለው ግን በአሊ ጀርባ በኩል ነው። በቃ፣ በወዲያኛው በኩል ተቀምጦ ነበር።

በኳሱም በ1970 ሜክሲኮ ላይ ፔሌና ቦቢ ሙር ማልያ ተለዋውጠው የተቃቀፉበትን የጆን ቫርሊን ፎቶ አስቡ። ፊልም ነው። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነው፣ ካለቀ ታወጣላችሁ፣ ሌላ ታስገባላችሁ። በ1982 ማራዶና ፊት ስድስት ቤልጅጎች ተደናግጠው የቆሙበት የስቲቭ ፓወል ፎቶም አለ፤ እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሰዎች ለቅጣት ምት ግድግዳ ሠርተው የነበሩና ገና በመበተን ላይ ያሉ ናቸው። ፓወል ግን ከየት ሆኖ መቼ እንደሚጫን ያውቅ ነበር። አዲስ ዕቃ የያዙትም ቢሆኑ ያው ናቸው። በፓሪሱ የ2024 ኦሊምፒክ ብራዚላዊው ማዕበል ቀዛፊ ሜዲና አየር ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ ሰማይ የቀሰረበትን ፎቶ ያነሳው ጄሮም ብሩዬ እጁ ላይ ዘመናዊ ካሜራ እያለ በዚያች ቅጽበት የተጫነው አራት ጊዜ ብቻ ነው። በቀን አምስት ሺህ ፎቶ ይዞ ቤት መግባት አይወድም።

የእኛስ? ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል የሚታይበት ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። ስለዚያ ዋንጫ በተጻፈ ቁጥር የሚወጣው እሱ ነው። ሉቻኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያርፍም የወጣው እሱ ነው። ያን ቀን ያነሳው ሰው የትኛውን ካሜራ እንደያዘ ማንም አይጠይቅም። ሰው የሚያመሰግነው ፊልሙን ጠብቆ ያቆየውን ነው።

የኳስ ሰው ይሄን ነገር ከዝውውር ገበያው ያውቀዋል። ቼልሲ በ2022/23 ገንዘቡን እንደ ውሃ አፍስሶ፣ ኤንዞ ፈርናንዴዝን ብቻውን ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ አምጥቶ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ፒኤስጂ በ2017 ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ፤ ምባፔን ጨመረ፣ ሜሲን ጨመረ። ቻምፒየንስ ሊጉን ያገኘው ሦስቱም ከሄዱ በኋላ፣ በ2025 ኢንተርን 5 ለ 0 ቀጥቶ ነው። ርካሽ ቡድን ነበር አልልም፤ አልነበረም። ግን ከስብስቡ ላይ የጎደለውን ያወቀ አሠልጣኝ ነበረው። የሺሺንዳው ሰው የጎደለው አጥቂ አይደለም፣ አማካይ ነው፤ ቦዲ አይደለም፣ ሌንስ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለዓመታት ስታዲየም የከረሙ አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺን ጠየቅኳቸው። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ቦዲ ዳቦ ነው፣ ሌንስ ወፍጮ ነው። ዳቦ ሲያድር ይደርቃል።» ነገሩ ልክ ነው። ካሜራው አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወድቃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ይቆያል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው 70–200 ባለ 2.8 ሌንስ በሺሺንዳው 600 ዲ ላይ ይገጥማል። በማገናኛ ቀለበት ደግሞ ኳስ በሚያውቀው በ«አር ዋን» ላይም ይሠራል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሌንስ ማለት ነው። ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ ታዲያ እንደኔ ወደ ብርሃን አዙሮ ሻጋታውን ማየት ነው፤ ትኩረቱንም እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ መኪና ሲያልፍ እያነሱ መሞከር።

ይሄንኑ ልነግረው ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወልኩለት። እቁቡ ገና አልወጣለትም። ሌንሱን ነገርኩት፤ ደስ አለው፣ ግን «ሚዜው ሌንስ አያውቅም እኮ» አለኝ። ልክ ነው። ምን ልበለው? ጣሪያውን ጠየቅኩት፤ ላስቲክ አልብሰውታል።

ከዚያ የደወልኩበትን ዋናውን ጉዳይ አነሳሁ። ያቺን የዝናቧን ፎቶ፣ ልጆቹ ላስቲክ ሥር የቆሙባትን፣ ለዚህ ገጽ ላክልኝ አልኩት።

«የቷን?» አለኝ።

«በረኛው የሚስቅባትን።»

ትንሽ ዝም አለ። «እሷማ ጠፋች ወንድሜ» አለኝ። «ያለኝ ሜሞሪ ሁለት ነው፣ የኮምፒዩተሬ ሆድ ደግሞ ሞልቷል። ሰርግ ሲደራረብብኝ የኳሶቹን አጠፋኋቸው። የዓምናውንም እንደዚያው ነው ያደረግኩት።»